የበቀቀን መቋሚያ

ወር በገባ በ24ኛው ቀን፣ የመርካቶ ሱቆች ገና ሳይከፈቱ፣ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የቆመ ሰው ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ዝቅ አድርጎ የአረጋውያኑን እግር ቢመለከት፣ ከዜማውና ከዕጣኑ በታች ሌላ ጸጥ ያለ ሥርዓት ሲፈጸም ያያል፤ አንዱ ክብደቱን ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል፣ ሌላው መቋሚያውን ከብብቱ ሥር አግብቶ ወገቡን ያሳርፋል፣ ሦስተኛው ተረከዙን አንሥቶ ጣቶቹን ያፍታታል። ሰፈሩ በስማቸው የሚጠራው ጻድቅ ራሳቸው፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ከጸሎት ብዛት አንዲቱ እግራቸው እስክትሰበር ቆመው፣ ከዚያም በቀረችው 7 ዓመት ስለ ጸለዩ፣ ሠዓሊዎቻችን ከክንፋቸው ጋር በአንድ እግር ይሥሏቸዋል፤ ስባረ ዐፅማቸውም ጥር 24 ቀን ይታሰባል። መቆም ሥጋን እንዴት እንደሚፈትን ለዚህ ሰፈር ሰው ማስረዳት አያሻም። ይሁን እንጂ ጣቃ ጨርቅ በሚሸጥበት በአንድ ሱቅ ጓዳ፣ ክንፍ እያለው ቀንም ሌሊትም ቆሞ ብቻ የሚኖር ፍጥረት አይቼ፣ ስለ እግሩ ያሰበ ሰው እንደሌለ ባስተዋልሁ ጊዜ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ፍጥረቱ ላባው ግራጫ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነ በቀቀን ነው፤ ገበያተኛ በገባ ቁጥርም «ስንት ነው? ቀንስ!» እያለ ባለቤቱን ያሳፍራል። በሽቦ ቤቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመው ቆጥ ከመጥረጊያ እጀታ የተቆረጠ፣ ልሙጥና ቀጥ ያለ ዘንግ ነበር።

«ጋሼ፣ ግራ እግሩን ለምን ያነሣል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልማዱ ነው ልጄ፤ እንደ ጻድቁ በአንድ እግሩ ይጸልያል» ብለው ሳቁ።

ጤነኛ ወፍም ሲያንቀላፋ አንድ እግሩን ወደ ላባው ስለሚሰበስብ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እያፈራረቀ ነው እንጂ ዘወትር ያንኑ አይደለም። ወፉ በመንቁሩ ሽቦውን ነክሶ ወደ ላይ ሲወጣ የውስጥ እግሩን አየሁት፤ ሻካራ ሊሆን የሚገባው ቆዳ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፣ መካከሉም ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች።

የበቀቀን እግር እንደ ዶሮ እግር ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ የተሰጠው ሳይሆን፣ ሁለቱ ወደ ፊት ሁለቱ ወደ ኋላ የተዘረጉለት፣ ስለዚህም እንደ ሰው እጅ ጨብጦ ለመውጣትም፣ ፍሬ ይዞ ወደ አፉ ለማድረስም የሚያገለግል ድንቅ መሣሪያ ነው። ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ባለ ጊዜ በእግሩ ውስጥ ያለው ጅማት ጣቶቹን ስቦ ቅርንጫፉን ያስጨብጠዋልና ተኝቶም አይወድቅም። በዱር ሳለ ታዲያ በአንድ ዓይነት ቅርንጫፍ ላይ ብቻ አያርፍም። የሀገራችንን በቀቀኖች ብንመለከት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዱር የማይገኘውና አዲስ አበባ ውስጥ በጥድ ፍሬ ላይ ሲንጫጫ የሚታየው፣ ክንፉ ጥቁር፣ ወንዱም ግንባረ ቀይ የሆነው ትንሹ በቀቀን (በ1814 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ ሲገባ ታራንታ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ ስሙን ያገኘው ነው) በአንድ ጧት ብቻ ከቀጭን ጫፍ ወደ ወፍራም ግንድ፣ ከሻካራ ቅርፊት ወደ ለስላሳ ቅርንጫፍ ይዘዋወራል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ክብደቱ በሌላ የእግሩ ክፍል ላይ ያርፋል።

የመጥረጊያው እጀታ ግን ዓመት ከዓመት ያንኑ ሥፍራ ብቻ ይጫነዋል። መጀመሪያ የቆዳው ቅርፊት ይጠፋል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል፤ በቁስሉ የገባ ተሕዋስም ከጅማት እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች ፖዶደርማታይቲስ የሚሉት ይህ ደዌ ቆዳው ገና ሲቀላ ቢደርሱበት በቀላሉ ይመለሳል፤ ከቆሰለ በኋላ ግን የሐኪም እንጂ የባለቤቱ ሥራ አይደለም።

መድኃኒቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። በእንጨት መሸጫው በአጣና ተራ ከሚራገፈው ባሕር ዛፍ ገና ያልተላጠና ጠማማ የሆነውን፣ አናጢ የሚንቀውን ቅርንጫፍ መምረጥ ነው፤ ወፍ የሚወደው ጉጡንና ጠማማውን ነውና። ወይራ፣ ዘይቱናና የቡና ግንድም መልካም ናቸው። ውፍረቱ፣ ወፉ ሲጨብጠው የፊትና የኋላ ጥፍሮቹ የማይገናኙበት፣ እግሩም የዙሪያውን ሁለት ሦስተኛ ያህል የሚያቅፍበት ይሁን፤ ለግራጫው በቀቀን ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲሜትር ያለው ይስማማዋል። ሆኖም አንድ ልክ አግኝቼ ጨረስሁ የሚል ሰው የመጥረጊያውን ስሕተት በሌላ እንጨት ይደግማል፤ ሦስት አራት ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸው ያስፈልጋሉ። ከፍ ያለው ለመኝታ ይሆናል፤ ከምግቡና ከውኃው በላይ ግን ምንም አይጋደም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

የአቮካዶ ዛፍ ለወፍ መርዝ ነው፤ በየግቢው ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደርና ወተት የሚያወጣው ቅንጭብም እንዲሁ። ቅርንጫፉ በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ቀለምም ቫርኒሽም አይቀባ፣ ወፉ ያኝከዋልና። ዚንክ በተለበጠ አዲስ ሽቦ ማሰር ደግሞ ዚንክ ማብላት ነው፤ እንጨቱን ጫፉ ላይ ሰንጥቆ በሽቦ ቤቱ ዘንጎች መካከል መሰካት ይሻላል። የቃጫ ገመድ ለእግሩ ይመቻል፣ ነገር ግን ሲተፈተፍ ጥፍር ይይዛል። ጥፍሩን ይሞርድለታል ብለው ቆጡን በብርጭቆ ወረቀት የሚጠቀልሉ አሉ፤ እኔ ይህን ሳይ ሰውን በጠጠር ላይ በባዶ እግሩ እድሜ ልኩን ማቆም ይመስለኛል። ጥፍሩ አያጥርም፣ እግሩ ይላጣል።

እንጨት ብቻውን ግን አይበቃም። የሱፍ ፍሬ ብቻ የሚበላ ወፍ ይወፍራል፣ ቫይታሚን ኤም ያጥረዋል፤ ይህ ቫይታሚን ሲጎድል ቆዳው ይደክማል። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ይጠቅሙታል፤ ወፎች የበርበሬን ማቃጠል ስለማይሰማቸውም፣ እኛን የሚያስነጥሰን የመርካቶ በርበሬ ለእርሱ ጣፋጭ አትክልት ነው። ይህን ስነግራቸው ባለ ሱቁ ከእንጨቱ ይልቅ በዚህ ተደነቁ።

ትንሹን የዱር በቀቀን ከጥድ ላይ አውርዶ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ይህን ስለሚከለክል፣ እንክብካቤው ሁሉ በቤት ላለው እስረኛ ነው እንጂ አዲስ እስረኛ ለመጨመር አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሱቁ ተመለስሁ። መጥረጊያው ወጥቶ ሦስት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፎች ገብተዋል። ወፉ መጀመሪያ ሦስት ቀን ከሽቦው ጥግ ተለጥፎ እንደ እባብ ሲፈራቸው ሰነበተ አሉኝ፤ አሁን ግን የአንዱን ቅርፊት ግማሽ ልጦ ወለሉን አቆሽሾታል። ባለ ሱቁ ጣቃውን እየጠቀለሉ «ዕዳ አመጣህብኝ፣ መጥረግ ነው ሥራዬ» አሉ። ወፉ ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዚያች ሰዓት ቀኝ እግሩን ነበር የሰበሰበው።