ስፔሊንግ የሳተ ልጅ ትምህርቱን ስቷል ማለት አይደለም

ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሠፈር የሚያድግ ልጅ ገና አራተኛ ክፍል ሳይጨርስ በሦስት ቋንቋ ማንበብ ይጠበቅበታል። ኑዌርኛውን በላቲን ፊደል ይማራል፤ አማርኛውን በግዕዙ ፊደል፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ እንደገና በላቲን። በክልሉ ኑዌርኛ፣ አኝዋክኛና ማጃንግኛ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነው ያገለግሉና ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ቦታውን ለእንግሊዝኛ ሲለቁ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲያ ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ኅብረተሰብ ሳይንሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ለማንም ልጅ ቀላል አይደለም። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ግን እየተንገዳገደም ቢሆን እስከ አራተኛ ክፍል ይዞት የመጣው ንባብ እዚህ ላይ ይከዳዋል፤ ያን ጊዜም «ደህና ነበረ፣ አሁን ሰነፈ» ይባላል። እኔ የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው፦ የልጁ ችግር አንድ ነገር ነው፣ የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ችግር ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለይተን ካላየን ዲስሌክሲያ ያለበትን ልጅ አናውቀውም፤ ብናውቀውም አንረዳውም።

መጀመሪያ ስለ ልጁ። ዲስሌክሲያ ማለት ዓይኑም ጆሮውም ደህና የሆነ፣ ማሰብ ያልጎደለው፣ የሚያስተምረው ያላጣ ሰው ቃላትን በትክክልና በፍጥነት ለማንበብና ለመጻፍ ሲቸገር ነው። ብዙ ሰው ፊደል ተገልብጦ የሚታየው ሰው ይመስለዋል። የምርምሩ ሚዛን የሚያደላው ግን ከዓይን ይልቅ ወደ ድምፅ ነው፦ አንድን ቃል ወደ ድምፆቹ መነጣጠልና እያንዳንዱን ድምፅ ከፊደሉ ጋር አጣብቆ መያዝ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ይወረሳል፤ ስለዚህ ልጁ ሲቸገር አባት ወይም እናት ለምን ከትምህርት እንደቀሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እንዳለባቸው በአብዛኛው ይገመታል። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1887 ነው። በ1896 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ልጁ ቁጥር ያነባል፣ ያሰላልም፤ ቃል ግን አይሆንለትም፤ የገዛ ስሙን ፊደላት እንኳ ያዘዋውር ነበር። አስተማሪው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይሆን እንደነበር መስክሮለታል። ከዚያ ወዲህ ከ120 ዓመት በላይ አልፏል፤ በብዙ ክፍሎቻችን ግን እንዲህ ያለ ልጅ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በውጤት ካርዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንምጣ። ይህ ቋንቋ 44 ያህል ድምፆቹን የሚጽፈው በ26 ፊደል ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ፊደላትን እያጣመረ ነው፤ ጥምሮቹም በአንድ ሕግ አይገዙም። ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች የተባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ «ዞው» ሲባል ሌላ፣ «ስሩ» ሲባል ሌላ፣ «ኮፍ» እና «ኢናፍ» ሲባልም ሌላ ድምፅ ይሰጣሉ። ምክንያቱ ታሪክ ነው። ዊሊያም ካክስተን የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ያስገባው በ1476 ነው፤ አናባቢዎቹ ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን መለወጣቸውን ቀጠሉ። አነጋገሩ ሄደ፣ አጻጻፉ ቀረ። በዚያ ላይ ሊቃውንቱ ከላቲን ጋር ለማዛመድ ሲሉ የማይነገር ፊደል ጨመሩ፤ ዕዳ ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ቢ የተሰነቀረችው በዚህ መንገድ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ልጅ ነው። ፊሊፕ ሲሞርና ባልደረቦቹ በ2003 ባወጡት ጥናት የ13 ቋንቋ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ሲጨርሱ ፊንላንዳውያኑ የሚያውቋቸውን ቃላት 98 በመቶ በትክክል ሲያነቡ፣ በእንግሊዝኛ የሚማሩት የስኮትላንድ ልጆች ያነበቡት 34 በመቶውን ብቻ ነው። እነዚህ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት፣ ዲስሌክሲያም የሌለባቸው ልጆች ናቸው።

ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን ሦስት ጥናቶች በደንብ ያሳዩናል። በ1997 ላንደርል፣ ዊመርና ፍሪት ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጀርመንና የእንግሊዝ ልጆች አነጻጸሩ፤ እንግሊዞቹ እጅግ ብዙ ሲሳሳቱ ጀርመኖቹ አብዛኛውን በትክክል አነበቡ፤ ግን በጣም ቀስ ብለው ነበር። በ2001 ፓውሌሱና ባልደረቦቹ ጣሊያናውያንን፣ ፈረንሳውያንንና እንግሊዛውያንን መርምረው ጣሊያናውያኑ በንባብ የተሻሉ ሆነው አገኟቸው፤ በአንጎል ምስሉ ላይ ግን የሦስቱም ሕዝብ ባለ ዲስሌክሲያዎች እንቅስቃሴ በአንድ ቦታ ቀንሶ ታየ። በ1999 ደግሞ ዋይዴልና ባተርዎርዝ ጃፓንኛና እንግሊዝኛ እኩል የሚናገር ወጣት አስተዋወቁን፤ በእንግሊዝኛ ከባድ ዲስሌክሲያ ያለበት ይኸው ወጣት ጃፓንኛን ከእኩዮቹ ሳያንስ ያነባል። ስንደምረው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ተፈጥሮው አንድ ነው፤ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ግን አጻጻፉ ነው።

ይህን ወደ ጋምቤላ ስናመጣው ትልቅ ጠቀሜታ አለው። የግዕዝ ፊደል ብዛቱ ያስፈራል፤ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሆኖም አንድ ጊዜ ከተያዘ ድምፁን አይለዋውጥም። የሚጠብቅና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፣ ሳድሱም አንዳንዴ ያወዛግባል፤ ቢሆንም «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ሰው ደንቆሮ አይባልም። የኑዌርኛውም የላቲን አጻጻፍ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ባያሳይም በፊደሎቹ በአመዛኙ የታመነ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ በስሕተት ብዛት ላይታወቅ ይችላል፤ የሚያስታውቀው ዝግታው ነው። ጓደኞቹ አንቀጹን ሲጨርሱ እሱ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ ያነበበውንም ለማስታወስ ይቸገራል፣ ጉልበቱ በፊደሉ አልቋልና። እንግሊዝኛው ሲመጣ ደግሞ ያመነው ፊደል ራሱ ይከዳዋል። ሲ የምትባለዋ ፊደል በኑዌርኛ ሁልጊዜ ወደ ቸ የቀረበ ድምፅ አላት፤ በእንግሊዝኛ ግን አንዴ ከ፣ አንዴ ሰ ትሆናለች። የቲ እና የኤች ጥምርም በኑዌርኛ ምላስ ጥርስን ነክቶ የሚወጣ ት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሌላ ነው። ሌላው ልጅ ይህን በልምምድ ያልፈዋል፤ ድምፅንና ፊደልን ለማጣበቅ ብዙ የለፋው ልጅ ግን ያጣበቀውን መልሶ ማላቀቅ አለበት።

«እዚህ አገር ማንበብ የማይችለው ስንቱ ነው፤ ሁሉንም ዲስሌክሲያ ልትሉት ነው?» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ከምንባቡ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ከዲስሌክሲያ ግምት እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የመጽሐፍ እጥረት፣ የተጨናነቀ ክፍልና የአስተማሪ ሥልጠና ነው። ታዲያ በእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ብቻ የሚፈርድ ሰው ያልተማረውን ካልቻለው መለየት የማይችለው ለዚህ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁሉም ይወድቃል። መለየት የሚቻለው ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። በኑዌርኛ ተረቱን አሳምሮ እየተረከ፣ ከእኩዮቹ ጋር እኩል እየተማረ፣ እነሱ ሲያነቡ እሱ ብቻ በዚያው በኑዌርኛ የሚንተባተብ ከሆነ እዚያ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው ትምህርቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ነው፦ «ለአንዱ ስፔሊንግ ካለፍንለት ለሌላው ምን እንላለን? የትምህርት ጥራቱስ?» ጥራት መጠበቅ ያለበት ጉዳይ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ያሳየናል። ግን ምን እየለካን እንደሆነ እንጠይቅ። የባዮሎጂ ጥያቄ ተማሪው ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ማወቁን ሊለካ ነው የወጣው። ሐሳቡን በትክክል ጽፎ «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል በኤፍ የጀመረ ተማሪ ባዮሎጂ ያውቃል፤ ፒ እና ኤች አንድ ላይ ፍ እንደሚሆኑ ነው ያላወቀው። ይህ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይታረም፣ ነጥብም ይቀነስበት። በባዮሎጂ መቀነስ ግን ፈተናውን ጥብቅ አያደርገውም፤ የተሳሳተ መለኪያ ያደርገዋል። ብሔራዊው ፈተና ምርጫ ስለሆነ ስፔሊንግ አይጠይቅም፤ እዚያ የሚጎዳው ሰዓት ነው። ለዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢ ስንመድብ ማንም ጥራት ወረደ አላለም፤ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ልጅ ተጨማሪ ደቂቃ መስጠትም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2012 እ.ኤ.አ. የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷል። መሠረቱ ተጥሏል፤ የቀረው ክፍል ውስጥ መግባቱ ነው።

«ባለሙያ የት አለ?» ለሚሉ ደግሞ እውነት ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የንባብ እክል መርማሪ የለም። ቢሆንም የሚሠራው አብዛኛው ሥራ ባለሙያ አይጠብቅም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ኦርተንና ጊሊንግሃም ያዳበሩት ዘዴ መሠረቱ ቀላል ነው፦ ድምፁን እየሰሙ፣ በአፍ እያሉ፣ በእጅ እየጻፉ፣ ከቀላል ወደ ከባድ በቅደም ተከተል መሄድ። ለጣት መጻፊያ አሸዋ በባሮ ወንዝ ዳር ሞልቷል። ለስፔሊንጉ ደግሞ 20 ቃል ሰጥቶ ነገ አጻጽፋለሁ ማለት ለዚህ ልጅ ከንቱ ልፋት ነው፤ ይልቅ ቃላቱን በዘመድ መሰብሰብ ይሻላል። «ሳይን» ውስጥ የማትነገረው ጂ «ሲግናል» ውስጥ ትነገራለች፤ «ቱ» ውስጥ ዝም ያለችው ደብልዩ «ትዌንቲ» እና «ትዋይስ» ውስጥ ድምፅ ታወጣለች። በትርጉም የተሳሰሩ ቃላት አብረው ሲጠኑ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከሚመስለው ያነሰ ትርምስ እንዳለበት ይታያል፤ ማሰብ ለማይቸግረውና ድምፅ ለሚያስቸግረው ልጅ የሚመቸውም ይህ መንገድ ነው። ዲስሌክሲያ ላለበት አዋቂ ደግሞ ሁልጊዜ የሚስታቸውን ቃላት በአንድ ገጽ ጽፎ ከጎኑ ማስቀመጥ፣ ለሪፖርትና ለማመልከቻ የተስተካከለ ናሙና መያዝ፣ ከመላኩ በፊት ለሚያምነው ሰው ማስነበብ ያሳፍራል ተብሎ የሚተው አይደለም።

«ስልኩ ያርመው የለ?» የሚለው መልስ ግማሹን መንገድ ብቻ ያደርሳል። አራሚው የሚረዳው ወደ ቃሉ የተጠጋን ሰው ነው፤ በጣም የራቀውን አያውቀውም። «ራይት» ብሎ መጻፍን ሊል ቀኝን ቢጽፍም ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸውና። እጅግ የሚጠቅመው ስልኩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል። ይህ ግን መብራትና ኔትወርክ ባለበት ነው፤ ፈተና አዳራሽ ደግሞ ስልክ አይገባም። ስልኩ ልጁን ሊያግዝ ይችላል፤ አስተማሪውን ግን ከኃላፊነት አያወጣውም።

እንግሊዝኛውን ጨርሶ እንተወው የሚል ካለ አልስማማም። ጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች የሚኖሩበት፣ ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚዋሰን ክልል ነው፤ በረድኤት ድርጅቶች ሥራ የሚፈልግ ወጣት እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፣ ዲስሌክሲያ ያለበትም ጭምር። ስለዚህ ከአስተማሪዎች የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ከነገ ጀምሮ ያለ በጀት ይሠራሉ። በልጁ ላይ በእንግሊዝኛ ከመፍረዳችሁ በፊት በአፍ መፍቻ ቋንቋው አስነብባችሁ ፍጥነቱን እዩ። ከእንግሊዝኛ ውጪ ባለው ትምህርት ሁሉ ለስፔሊንግ ነጥብ አትቀንሱ፤ አርማችሁ መልሱለት። ጽፎ ያልመለሰውን ጥያቄ በቃል ጠይቁት። በቃል ከመለሰ ያውቀዋል፤ ያወቀውንም መዝግቡለት።