በየቀኑ የሚዋጥ፣ በየሦስት ወሩ የሚለካ

የእንጦጦ ማርያም ጠበል ከአዲስ አበባም ከክፍለ ሀገርም ሕመምተኛ የሚሰበሰብበት ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት እዚያው አካባቢ ቤት ተከራይተው ለወራት የሚጠመቁ ብዙ ወገኖች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ጠበልና ክኒን አብረው አይሄዱም ብለው መድኃኒቱን ያቋረጡ፣ ጭራሽ ያልጀመሩትም አሉ። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጋጩ፣ ምእመኑ እየተጠመቀ መድኃኒቱንም መውሰድ እንደሚገባው በይፋ ተናገሩ።

ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ሌላ በሽታ፣ ሐኪሞች ሲኤምኤል ስለሚሉት ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ ይበረታል፤ ምክንያቱም የሲኤምኤል ታማሚ መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ፍጹም ጤነኛ መስሎ ይታያል።

በሽታው የሚነሣው ደም ከሚመረትበት ከመቅኔ ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱት ነጭ የደም ሴሎች በሲኤምኤል ጊዜ ከ100,000 በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ጣፊያ ያብጣል። ሰው ጥቂት በልቶ ይጠግባል፣ ይከሳል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ግራ ጎኑ ይከብደዋል። ጣፊያ በወባም በካላ አዛርም ስለሚያብጥ በሽታው ለረጅም ጊዜ በሌላ ስም ሊታከም ይችላል። ጎንን በጋለ ብረት መተኮስም ቁስል ከመጨመር በቀር ምንም አይፈይድም። ተራ የደም ቆጠራ፣ ማለትም ሲቢሲ፣ ጥርጣሬውን ለማንሣት ይበቃል።

መነሻው ዛሬ በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ በፊላዴልፊያ ከተማ በታማሚዎች ሴል ውስጥ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ምስጢሩን ፈታችው፦ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ተቆርጠው ቁራጫቸውን ተለዋውጠዋል። ከዚህ ልውውጥ የሚወለደው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጂን ሴሉ ያለ ማቋረጥ እንዲራባ የሚያዝ ፕሮቲን ይሠራል። ለውጡ የሚከሰተው በሕይወት ዘመን፣ በአንድ የመቅኔ ሴል ላይ ነው። ከወላጅ አይወረስም፣ ወደ ልጅ አይተላለፍም፣ በመብላትና በመጠጣት አይጋባም። በበሽታው ምክንያት የሚሸማቀቅ፣ ቤተሰቡም የሚጠይቀው በደል ያለ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ደጋግሞ ሊሰማው ይገባል።

ቀድሞ ከሕክምናው ጋር የሚኖረው ዕድሜ ለብዙዎች በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነበር። ኢማቲኒብ ያንን ቀየረው። መድኃኒቱ የዚያ ፕሮቲን ጉልበት የሚያገኝበት ቦታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ፕሮቲኑ ትእዛዝ ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ሴሉም ይሞታል። ብራያን ድሩከር በሰው ላይ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን አሜሪካ በ2001 ፈቀደችው። በዋናው ጥናት ኢማቲኒብ ከጀመሩት ታማሚዎች 83 በመቶ ያህሉ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በኢትዮጵያም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል፣ ማክስ ፋውንዴሽን በሚያስተባብረው የእርዳታ ፕሮግራም፣ ታማሚዎች ይህን ውድ መድኃኒት በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል።

ታዲያ ጤነኛ የመሰለ ሰው ለምን ይቀጥላል? በሽታው ሲገኝ በሰውነት ውስጥ ያሉት የካንሰር ሴሎች አንድ ትሪሊዮን ያህል ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። በሺህ እጥፍ ሲቀንሱ እንኳ አንድ ቢሊዮን ይቀራሉ። ሲቢሲው ግን ከዚያ በፊት ንጹሕ ይሆናል፤ ጣፊያውም ወደ ቦታው ይመለሳል። በተጨማሪም ኢማቲኒብ መቅኔ ውስጥ ተኝተው የሚቆዩትን እናት ሴሎች ፈጽሞ አያጠፋም። ሲቢሲ የማያያቸውን የቀሩትን የካንሰር ሴሎች የሚያየው የፒሲአር ምርመራ ነው። ቢሲአር-ኤቢኤል ዓለም አቀፍ በሆነ መለኪያ በሦስት ወር ከ10 በመቶ በታች፣ በስድስት ወር ከ1 በመቶ በታች፣ በዓመት ከ0.1 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠበቃል። ቁጥሩ ካልወረደ፣ ወይም ወርዶ ተመልሶ ከወጣ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ክኒኑ በትክክል መወሰዱን ነው፤ ቀጥሎ ጂኑ ተለውጦ መድኃኒቱን መቋቋሙ ይመረመራል፣ ምናልባትም ወደ ዳሳቲኒብ ወይም ኒሎቲኒብ ይዛወራል። ፒሲአሩ በሀገራችን እንደ መድኃኒቱ በቀላሉ አይገኝም። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት መሣሪያ ግን የራሱ ካርትሪጅ ሲገባለት ይህንንም መለካት ይችላል። መድኃኒት በነፃ ሰጥቶ ልኬቱን ለታማሚው ኪስ መተው ሕክምናውን ግማሽ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ጥናት 87 ታማሚዎችን በክዳኑ ላይ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ በተገጠመለት የመድኃኒት ጠርሙስ ተከታተለ። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የዋጡት 0.1 በመቶውን ደረጃ የማግኘት ዕድላቸው በስድስት ዓመት 94.5 በመቶ ነበር። ከዚያ በታች የዋጡት 28.4 በመቶ ብቻ። 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን መዝለል ነው። የአንድ ሳምንት ሱባኤ ከዚያ ይበልጣል።

ስለዚህ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ታማሚ ክኒኑን ይዞ ይውጣ፣ ለሚቆይበት ጊዜ የሚበቃውን ከነትርፉ። ኢማቲኒብ ከምግብ ጋርና ከብዙ ውሃ ጋር ይዋጣል፤ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ጠዋት ጠበል በብዛት ጠጥቶ የሚያስመልሰው ሰው ክኒኑን አብሮ እንዳያወጣው ለማታ ምግብ ያቆየው፤ በጾም ወራትም ከጾሙ ፍቺ ጋር መውሰድ ይቻላል። ኒሎቲኒብ ደግሞ በተቃራኒው በባዶ ሆድ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ስለ ጾሙ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ቀድሞ ይመካከር። ሳል ይዞት ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የነቀርሳ መድኃኒት ከታዘዘለት ኢማቲኒብ እንደሚወስድ ይንገር፤ ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን መጠን በደም ውስጥ በእጅጉ ያወርደዋል። መውለድ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ በፊት ትናገር፤ መድኃኒቱ ጽንስን ይጎዳል።

ማቆም ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። በፈረንሳይ በተደረገ ጥናት ቢያንስ ለሁለት ዓመት ቢሲአር-ኤቢኤል ሊገኝባቸው ያልቻለ 100 ታማሚዎች ኢማቲኒብን አቁመው ነበር። በ60 በመቶ ያህሉ ላይ በሽታው ተመለሰ፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት፤ በየጊዜው በፒሲአር ስለሚለኩ ግን ወዲያው ታውቆ መድኃኒቱን ቀጠሉ። በጠበሉ ድኛለሁ የሚል ወገን ክኒኑን እየዋጠ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ይለካ። ውጤቱ ለዓመታት ንጹሕ ሆኖ ከዘለቀ ማቆሙን የሚወስኑት አብረው ነው፣ ቀጣዩ የፒሲአር ቀጠሮ አስቀድሞ ከተያዘ በኋላ።