ቀልድን በጽሑፍ ማመልከት፦ ከፈገግታ ምልክት እስከ ትእምርተ ሥላቅ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ቀልድ ነው፤ ጉዳዩ ግን የዋዛ አይደለም። ፊት ለፊት ስንጨዋወት የድምፃችን ቃና፣ የዓይናችን ጥቅሻና የፈገግታችን ጥላ ቃላችንን ይተረጉሙልናል። በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ግን ቃሉ ብቻውን ይጓዛል።

ችግሩ ከመድረኮቹ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ባለሙያዎች በጋራ የኤሌክትሮኒክስ ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ አንድ የፊዚክስ እንቆቅልሽ አነሡ፦ ገመዱ ተበጥሶ በሚወድቅ ሊፍት ውስጥ የበራ ሻማና የሜርኩሪ ጠብታ ምን ይሆናሉ? ውይይቱ ወደ ጨዋታ አዘነበለ። ከተሳታፊዎቹም አንዱ፣ በሙከራ ምክንያት አንደኛው ሊፍት በሜርኩሪ መበከሉን የሚገልጽ የቀልድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። የቀደመውን ጨዋታ ካልተከታተሉት መካከል ነገሩ እውነት የመሰላቸው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ቀልድን ከቁም ነገር የሚለይ ምልክት ፍለጋ ተጀመረ። ሴፕቴምበር 19 ቀን ስኮት ፋልማን የተባሉት ምሁር ለቀልድ :-) የሚለውን አቀረቡ፤ አንገትን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ላየው ፈገግ ያለ ፊት ነው። እንዲያውም ቀልዱ ከመብዛቱ የተነሣ ቀልድ ያልሆነውን ለይቶ ማመልከት ሳይሻል እንደማይቀር ጠቁመው፣ ለዚህኛው :-( የሚለውን ሰጡ። ፊቱ ከሥርዓተ ነጥብ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዘመኑ መልእክት መለዋወጫ 128 ኮዶች ብቻ በነበሩት አስኪ በተባለው ሥርዓት የተወሰነ ስለነበረ፣ ሥዕል መላክ አይቻልም ነበር።

የእኛም የጽሕፈት ልማድ ለዚሁ ችግር የራሱ መልስ አለው። ትእምርተ ሥላቅ፣ ማለትም የተገለበጠው ቃለ አጋኖ (¡)፣ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ገብቶ የተባለው በምፀት መሆኑን ይነግረናል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ይህ ምልክት የራሱ ኮድ አልተሰጠውም፤ ዛሬ የምንጽፈው ለስጳንኛ የተመደበውን ተውሰን ነው። ፈገግታውም ቢሆን ከፊደላችን ጋር ተጋጭቷል። ሴራ በተባለው፣ አማርኛን በላቲን ቁልፎች በሚያስጽፈው ስልት፣ ሁለቱ ነጥቦች ወደ ፊደላችን ሥርዓተ ነጥብ ስለሚለወጡ ፊቱ እንደ ተጻፈው አይቀርም።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ይመስል ይሆናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ በቴሌግራም ቡድናችን ስለ ፈተና ሲቀላለዱ፣ «ፈተናው ዝናቡ እስኪያባራ ተራዝሟል» ብዬ ጣል አደረግሁ። የሚያውቁኝ ሣቁ። አንዲት አዲስ ተማሪ ግን ቃሌን አምና ከፈተናው ቀረች። በክፍል ውስጥ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ፊቴን አይታ በተረዳችው ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ፈተናውን ለብቻዋ ሰጠኋት።

ከዚህ የተማርሁት፣ ቀልድ የሚገባው ቀድሞ ለሚተዋወቅ ሰው መሆኑን ነው። መድረኩ ግን ትናንት የገባውንም ከዓመታት በፊት የገባውንም እኩል ያስነብባል። በተለይ የሥልጣን ብልጫ ያለው ሰው የጻፈው ቀልድ እንደ ትእዛዝ ይነበባል። ስለዚህ ምልክቷን ማኖር ለአዲሱ እንግዳ ወንበር እንደ መሳብ ያለ ጨዋነት ነው። አንባቢም በበኩሉ ከመቆጣቱ በፊት «ይህ ሰው እየቀለደ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ከብዙ ጠብ ይድናል።