ፎርሙላው አንድ፣ ነገሩ ሌላ

ተረት፦ ፎርሙላው አንድ ከሆነ ነገሩም አንድ ነው።

በዚህ የተሸወዱት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ጀርመናውያኑ ቮለርና ሊቢግ በየፊናቸው ሁለት የብር ውህዶችን መረመሩ። የሊቢግ ፉልሚኔት ነካ ሲያደርጉት የሚፈነዳ ነው፤ የቮለር ሲያኔት ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ሆኖም የሁለቱ ይዘት እኩል ወጣ። ሊቢግ የጠረጠረው የቮለርን ምርመራ ነበር፤ ኋላ ግን ሁለቱም ልክ መሆናቸው ታወቀ። አይሶመር የሚለውን ስም በ1830 ያወጣላቸው ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው።

ፎርሙላ የሚነግረን የትኛው አቶም ስንት እንደሆነ እንጂ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ አይደለም። ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን እንውሰድ። ኦክስጅኑ በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ከገባ የአረቄው አልኮል፣ ኢታኖል ነው፤ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ከገባ ግን ዳይሜቲል ኢተር ይሆናል፤ ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ ስለሚፈላ ክፍል ውስጥ ጋዝ ነው። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ኢታኖል ውስጥ ኦክስጅኑን የያዘው ሃይድሮጅን ነው። የሌላውን ሞለኪውል ኦክስጅን ስለሚስብ ለመለያየት ብዙ ሙቀት ይጠይቃል።

ተረት፦ ሰንሰለቱን አጥፎ መሣል አዲስ አይሶመር ይሰጣል።

ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይኸኛው ነው። ተማሪው የፔንቴንን አምስት ካርቦኖች በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ቀጥሎ የመጨረሻዋን ወደ ታች ያጥፍና «ሁለተኛው» ይላል። ካርቦኖች በነጠላ ቦንድ ዙሪያ እንደልብ ስለሚዞሩ ወረቀት ላይ ያለው መታጠፍ ምንም አይለውጥም። እስክሪብቶ ሳያነሡ ረጅሙን ሰንሰለት ተከትሎ መቁጠር ነው፤ አምስት ከወጣ ያው ፔንቴን ነው። አራት ወጥቶ አንድ ካርቦን ከጎን ከተንጠለጠለ አይሶፔንቴን፣ ሦስት ወጥቶ መካከለኛው ላይ ሁለት ከተንጠለጠሉ ኒዮፔንቴን። ከዚህ ሌላ የለም። የሚፈሉትም በቅደም ተከተል በ36፣ በ28 እና በ10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞለኪውሉ እየተድበለበለ በሄደ ቁጥር ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚነካኩበት ገጽ ያንሳል።

ተረት፦ 95 ቤንዚን 95 በመቶ ኦክቴን አለው።

የለውም። ቁጥሩ የሚለካው ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው ከመቀጣጠል ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው። 100 የተሰጠው ከ18ቱ የኦክቴን ስትራክቸራል አይሶመሮች ለአንዱ፣ ቅርንጫፍ ለበዛበት አይሶኦክቴን ነው። ቅርንጫፍ የሌለው ኦክቴን የሚያገኘው ከዜሮ በታች ነው!

ተረት፦ አይሶመር የላብራቶሪ ጉዳይ ነው።

ለጦስኝ ጠረኑን ከሚሰጡት መካከል ታይሞልና ካርቫክሮል አይሶመሮች ናቸው። ያው ቀለበት፣ ያው ሁለት ቅርንጫፎች አሏቸው። የኦክስጅንና የሃይድሮጅኑ ጥንድ ታይሞል ላይ ከትልቁ ቅርንጫፍ አጠገብ፣ ካርቫክሮል ላይ ከትንሹ አጠገብ ይቀመጣል። ንጹሕ ታይሞል በክፍል ሙቀት ጠጣር ሲሆን ካርቫክሮል ፈሳሽ ነው።