ከጢም መላጨት በኋላ ስለሚወጣው ሽፍታና ስለ መከላከያው

ጧት ጧት ጢማቸውን ተላጭተው ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ከሚሄዱት ሰዎች መካከል አያሌዎቹ፥ በተላጩ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን፥ ከአገጫቸው በታችና በአንገታቸው ላይ የሚያሳክክ፥ ሲነኩትም የሚያም ሽፍታ ይወጣባቸዋል። አንዱ ምች መታኝ ይላል፤ ሌላው ደሜ ተበላሸ ይላል፤ ሌላውም ፊቱን በሚገባ ያልታጠበ መስሎት በሳሙና እየደጋገመ ይፈትገዋል፥ ምላጩንም ከበፊቱ አጥብቆ ይጫነዋል። ይህ ሁሉ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። ሽፍታው የሚመጣው ከእድፍ ሳይሆን ጠጕሩን እጅግ አስጠግቶ ከመላጨት ነውና።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ጠጕሩ ከርዳዳ በሆነ ሰው፥ ጠጕሩ የሚበቅልበት በቈዳ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ራሱ የጐበጠ ነው። ስለዚህ ጠጕሩ ሲያድግ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። በምላጭ የተቈረጠው ጫፍ እንደ እሾኽ የሾለ በመሆኑ፥ ጥቂት እንዳደገ ተመልሶ ቈዳውን ይወጋዋል። ሰውነትም የገዛ ጠጕሩን እንደ ባዕድ ነገር ቈጥሮ ይቈጣል፤ ቦታውም ያብጣል። ቈዳውን በጣት ወጥሮ የሚላጭ ሰው ደግሞ ጠጕሩን ከቈዳው ወለል በታች ይቈርጠዋል፤ የተረፈውም ወደ ውጭ ሳይወጣ በውስጥ ጐኑን ይበሳል። ባለ ብዙ ስለት ምላጭም ይህንኑ ያደርጋል፤ የፊተኛው ስለት ጠጕሩን ሲስበው የኋለኛው ይቈርጠዋል። ጆን ስትራውስና አልበርት ክሊግማን የተባሉ አሜሪካውያን የቈዳ ሐኪሞች በ1956 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሕመም ጽፈው አሳትመዋል። በሕክምና ቋንቋ የተሰጠው ስም ሲዩዶፎሊኩላይቲስ ሲሆን፥ ትርጓሜውም «ሐሰተኛ የጠጕር ሥር መቈጣት» ማለት ነው። ሐሰተኛ የተባለበት ምክንያት መነሻው ጀርም ስላልሆነ ነው።

ይሁን እንጂ ሽፍታውን በጥፍር የሚቧጭር ሰው ጀርምን በገዛ እጁ ያስገባበታል። ያን ጊዜ መግል ይቋጥራል፤ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋል። በአንዳንዱም ሰው ላይ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ ይወጣል፤ ይህም በቀላሉ አይጠፋም።

እንግዲህ መከላከያው ይህ ነው፤

1ኛ/ ሽፍታው የወጣበት ሰው አስቀድሞ ለአንድ ወር ያህል ምላጭን ይተው። ጠጕሩ ሲረዝም አብዛኛው ራሱን ከቈዳው ያወጣል። ቀለበቱ በመስታወት ከታየ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጫፉን ቀስ አድርጎ ማንሣት ይቻላል። በወረንጦ መንቀል ግን አይገባም፤ እንደገና ሲበቅል ወደ ውስጥ ሊያድግ ይችላልና።

2ኛ/ ከዳነ በኋላ ሲላጭ፥ ጢሙን ለብ ባለ ውኃ ያርሰው፤ የሳሙናውንም አረፋ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቈይ። የራሰ ጠጕር ይለሰልሳል፤ ጫፉም እንደ ደረቁ አይሾልም።

3ኛ/ ስለታም የሆነ ባለ አንድ ስለት ምላጭ ይያዝ። ጠጕሩ በተኛበት አቅጣጫ ይላጭ፤ ቈዳውን አይወጥር፤ በአንድ ቦታም ላይ አይመላለስ።

4ኛ/ ሲጨርስ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ፎጣውን በመጫን ያድርቀው እንጂ አይፈትገው። ሽቶና አልኮል ያለበትን ነገር አይቀባ። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጠቀም፤ ቈዳን ያሳሳልና።

5ኛ/ ይህ ሁሉ ካልበጀው ምላጭን ፈጽሞ ትቶ፥ ቶንዶስ በሚባለው የጠጕር መቍረጫ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ይከርከም። ከቈዳው በላይ የቀረ ጠጕር ወደ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ያንሳልና፥ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው።

ጠጕር አስተካካይ ዘንድ የሚላጭ ሰው ደግሞ አዲስ ምላጭ በፊቱ ሲፈታ ይመልከት። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቈይ ይችላል፤ በዓይን የማይታይ የደም ጠብታም ይበቃዋል። ስለዚህ በወንድማማች መካከል እንኳ ቢሆን አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሆንም።

በመጨረሻም ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት አለቆች አንድ ቃል እንጨምራለን። ንጽሕና ማለት ጢምን እስከ ቈዳ ድረስ መጨረስ ማለት አይደለም። ፊቱን ታጥቦ ጢሙን በአጭሩ ከርክሞ የመጣ ሰው ንጹሕ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በየቀኑ እንዲላጭ ማስገደድ፥ ቍስሉን በየቀኑ እንዲያድስ ማዘዝ ነው። ጢም ማብቀል የጀመሩ ወጣት ተማሪዎችም ይህን ከመጀመሪያው ምላጭ አስቀድሞ ቢማሩት፥ ዕድሜ ልክ ከሚከተል ጠባሳ ይድናሉ።