ከቫልቭ ቀዶ ጥገና በኋላ ልብ ምቱን ሲያዛባ

የልብ ቫልቩን ያስጠገነ ወይም ያስቀየረ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ጭንቀት የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ማታ ነው። ቀን በጫጫታ ተሸፍኖ የዋለው የልብ ምት መብራት ጠፍቶ በግራ ጎን ሲተኙ ጎልቶ ይሰማል። ትር ትር ይላል፤ አንዷ ምት የጠፋች ይመስላል፤ ከዚያ ደረትን ነዝራ የምታልፍ ጠንካራ ምት ትከተላለች። «ቀዶ ጥገናው አልሠራም ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ለአብዛኛው ሰው መልሱ «አይደለም» ነው። ሐዋሳና ዙሪያዋ ላለ ታካሚ የባሰ የሚያሳስበው ግን ምንም ሳይሰማ የሚመጣው አደጋ ነው።

የጠፋች የምትመስለው ምት በእርግጥ አልጠፋችም፤ ተራዋን ሳትጠብቅ ቀድማ መጥታለች። ልብ በደም ሳይሞላ ስለምትመታ እጅ ላይ አትታወቅም። ከእሷ በኋላ ባለው ረዘም ያለ ፋታ ልብ ከወትሮው አብዝቶ ይሞላና ቀጣዩ ምት ይጠነክራል። እንዲህ ያሉ ምቶች ጤነኛ ልብ ያላቸው ሰዎችም አሏቸው። እንቅልፍ ማጣትና የበዛ ቡና ያበረክቷቸዋል። ፈሳሽ ለመቀነስ የሚታዘዘው ላሲክስም ፖታሲየምን በሽንት ስለሚያስወጣ ያባብሳቸዋል፤ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲጨመርበት። ቡና በልኩ ለብዙዎች ይፈቀዳል። ጫት ግን ሌላ ነው፤ የልብን ፍጥነትና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ቅመም አለበትና ቫልቩ የተቀየረ ሰው ቢተወው እመክራለሁ።

ዋናው ጉዳይ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት መዛባት ነው። የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ ምድጃ ላይ እንዳለ ሽሮ ይንተከተካል። የታችኛው ክፍል የሚደርሰው መልእክት የተዘበራረቀ ስለሚሆን ምቱ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ወጥነት አይኖረውም። ከቫልቭ ቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ከሦስት ታካሚዎች አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያጋጥማል። የተነካው ልብ ያብጣል፣ ይቆጣል፣ በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናትም ይዋዥቃሉ። የብዙዎቹ ምት በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የማይመለስላቸው በአብዛኛው በሽታቸው የቆየባቸው ናቸው፤ እኛ አገር ደግሞ እነዚህ ብዙ ናቸው። የቫልቭ በሽታችን ዋነኛ ምንጭ በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። በባክቴሪያ የመጣው ቶንሲል ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ቁርጥማት ይመጣል፤ ቁርጥማቱ ይሄዳል፣ ልብ ላይ የተወው ጠባሳ ግን ይቀራል፤ ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው። በጅማ ትምህርት ቤቶች በአልትራሳውንድ በተደረገ ጥናት ከ1,000 ልጆች ውስጥ 30 ያህሉ ላይ የዚህ በሽታ ምልክት ተገኝቷል። ጠባሳው የግራውን ቫልቭ ሲያጠበው ከኋላው ያለው ክፍል በግፊት ብዛት ለዓመታት ይለጠጣል። ሐኪሙ ቫልቩን ይቀይራል፤ የተለጠጠውንና የጠነከረውን ግድግዳ ግን መቀየር አይችልም። ምቱ ተዛብቶ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ የቀዶ ጥገናው ወይም የታካሚው ጥፋት አይደለም።

ወደማይሰማው አደጋ ልመለስ። የሚንተከተክ ክፍል ውስጥ ደም በደንብ አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ደም ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ለዓመታት የተካሄደው ክትትል እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው፣ በሩማቲክ የልብ በሽታ ላይ ይህ መዛባት ሲጨመር የስትሮክ አደጋ በ17 እጥፍ ይጨምራል። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደግሞ ምቱ ቢስተካከልም ቫልቩ ራሱ ደም ያረጋል። ስለዚህ «ልቤ አሁን ደህና ነው፣ ትር ትር አይልም» ብሎ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ማቆም ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ስሜቱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

ከውጭ ዘመድ የሚልከው «አዲሱ የደም ማቅጠኛ፣ ምርመራ የማይፈልገው» የሚባል ኪኒንም አለ። ለብዙ ሕመምተኞች ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለእኛዎቹ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት ከአዲሶቹ አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን በብረት ቫልቭ ላይ ሲሞከር መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ሙከራው ቀድሞ ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕመምተኞችን ያሳተፈው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪን መሰል መድኃኒቶች ጋር አወዳድሮ፣ ሞት የቀነሰው በዋርፋሪን መሰሎቹ መሆኑን አሳይቷል።

ዋርፋሪን ግን ጠባብ መንገድ ላይ የሚያስኬድ መድኃኒት ነው። ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ነው። ቁጥሩ እንደ ቫልቩ ዓይነትና ቦታ ከ2 እስከ 3 ወይም ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ይረጋል፣ ሲያልፍ ይደማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ14 አገሮች የተውጣጡ ከ3,300 በላይ ሕመምተኞችን የመዘገበው ሬሜዲ የተባለ ጥናት፣ ቁጥሩ በሚፈለገው ልክ ላይ የተገኘው መድኃኒቱን ከሚወስዱት 28 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ መሆኑን ገልጿል። የሕመምተኞቹ መካከለኛ ዕድሜም (ሚዲያን) 28 ዓመት ነበር፤ ገና ሥራ የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው።

ቁጥሩን ከሚያናውጡት አንዱ ጎመን ነው። የሲዳማ ቤት የእንሰት ምግቡ ዋሳ ሲቀርብ ጎመን አይጠፋም፤ ጎመን ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ የሚቃረነው ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። ለጾመኛውም እንዲሁ ነው፦ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ወተት ወጥተው ጎመንና ሰላጣ ይበዛሉ፣ አይ ኤን አር ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ቁጥሩ ይወጣል። ጎመን አትብሉ ማለት ግን ስህተት ይመስለኛል። ሳምንቱን ሙሉ ተመጣጣኝ መጠን መብላት፣ አመጋገብ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪም መንገርና ምርመራውን ማቅረብ ይሻላል። ኪኒኑን ማታ በአንድ የታወቀ ሰዓት መውሰድ ከጾም ጋርም አይጋጭም። የተረሳን ኪኒን በማግስቱ ደርቦ መዋጥ ግን አይገባም።

ከጎመን ይልቅ የሚያስፈራኝ ፋርማሲ ነው። ለአሜባ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል በቀናት ውስጥ አደገኛ ደረጃ ላይ ያደርሱታል። ለወገብ ሕመም የሚዋጠው ዲክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ዋርፋሪንን ያዳክማል። «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለውን ቃል በየፋርማሲው መስኮት፣ ጥርስ ሊያስነቅሉም ሲሄዱ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። እንጥል ማስቆረጥማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ምትን በቤት መቁጠር ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው አርፈው፣ ሦስት ጣቶችን ከአውራ ጣት ሥር ካለው የእጅ አንጓ ላይ ሳይጫኑ ማሳረፍ፤ ምቱ ስለሚዛባ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል፣ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር በደብተር ቢጻፍ ሐኪሙ የልብን ፍጥነት የሚቀንሱትን ሜቶፕሮሎል ወይም ዲጎክሲን ሲያስተካክል ይጠቅመዋል። አርፈው ሳለ ከ120 በላይ ከሆነና ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስን ከሳቱ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያዘ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ የብረት ቫልቩ ድምፅ ከደበዘዘ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ያልታወቀ ትኩሳትም ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ኢንፌክሽኑ ቫልቩ ላይ ሊሆን ይችላል።

እነ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የልብ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ ቀዶ ጥገና ማግኘት ተችሏል። ክትትሉ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ከቤንሳ ወይም ከአርቤጎና ተነስቶ ሐዋሳ ድረስ ለአንዲት የደም ጠብታ የሚመላለስ ገበሬ የአንድ ቀን ሥራውንና የመኪና ሒሳቡን ይከፍላል፤ ሲከብደው ይቀራል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ውጤቱን በደቂቃዎች የሚያሳዩ የእጅ መሣሪያዎች አሉ። በወረዳ ሆስፒታሎች ቢቀመጡ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ቀዶ ጥገና ከንቱ ከመሆን ያድኑታል ብዬ አምናለሁ።

ወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዋርፋሪን በእርግዝና በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል፤ በድንጋጤ ሲቆም ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ እናትን ሊገድል ይችላል። ልጅ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ በፊት ከባሏ ጋር የልብ ሐኪሟን ታማክር። የወር አበባዋ የቀረባት ከሆነም መድኃኒቱን በራሷ ሳታቆም በዚያው ሳምንት ትሂድ።