ዛፍን በልጅነቱ ስለ መግረዝ

በግቢያችን ለጥላና ለጌጥ የሚሆነንን ዛፍ ስንተክል፥ ጕድጓድ ከቈፈርንና ውሃ ካጠጣን ሥራው ሁሉ የተፈጸመ ይመስለናል። ነገር ግን ዛፍም እንደ ልጅ ነው፤ በለጋነቱ ጠባዩን ሳያርሙ ካሳደጉት፥ ከጐለመሰ በኋላ ለማቅናት መድከም ከንቱ ነው። ስለዚህ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰው ጕዳት ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደችበት በ1998 ዓመተ ምሕረት፥ ከማድ ቤታችን አጠገብ አንድ ጃካራንዳ ተክለን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግንዱ እንደ ባላ ሁለት ሆኖ ወጣ። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ «ጌታዬ፥ አንዱን ካሁኑ ያንሡት፤ ኋላ ይጣላሉ» ብለው ቢመክሩን፥ የልጅቱን መታሰቢያ በብረት መንካት ጭካኔ መስሎ ስለ ታየን እንቢ አልን። በ2013 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ወር፥ ብርቱ ዝናብ ከነፋስ ጋራ በወረደበት ማታ፥ ባላው ተሰንጥቆ እኩሌታው የማድ ቤቱን ጣራ ሰብሮ ገባ። ልጅቱ ከዚያ የወጣችው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነበር። በማግሥቱ ስብራቱን ብንመረምረው፥ በሁለቱ ግንዶች መካከል ቅርፊት ታጥፎ ገብቶ ኖሮ፥ እንጨቱ ከእንጨቱ ጋራ አልተያያዘም ነበር።

እንግዲህ የመግረዙ ሥራ የሚጀመረው ተክሉ ሥር ከሰደደ በኋላ፥ ይኸውም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የደረቀውንና የተሰበረውን ብቻ ማንሣት ይበቃል።

ፊተኛው ነገር፥ ወደ ላይ የሚመራውን አንድ ጫፍ መርጦ ከእርሱ ጋራ የሚፎካከረውን ማሳጠር ወይም ማስወገድ ነው። ሁለተኛው፥ ቅርንጫፎቹ በአንድ ስፍራ እንዳይጨናነቁ እያራራቁ መተው፥ የአንዱም ውፍረት ከግንዱ እኩሌታ እንዳያልፍ ጫፉን እየቀነሱ መግታት ነው። ሦስተኛው፥ የታችኞቹን ቅርንጫፎች በአንድ ቀን አለመመልመል ነው፤ ቅጠላቸው የሚያዘጋጀው ምግብ ግንዱን ያወፍረዋልና፥ እያሳጠሩ ጥቂት ዓመት ካቈዩ በኋላ አንድ በአንድ ማንሣት ይገባል። በአንድ ጊዜም ከቅጠሉ ሁሉ ከሩብ በላይ መቍረጥ አይገባም።

ስለ አቈራረጡም፥ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ስፍራ እንደ ቀሚስ አንገትጌ አበጥ ያለ ነገር ይታያል። የሚቈረጠው ከዚህ አንገትጌ ወዲያ ነው፤ ግንዱን ታክኮ መላጥም ረዥም ጉቶ መተውም ክፉ ነው። አሜሪካዊው የዛፍ ሊቅ አሌክስ ሺጎ በ1977 በፈረንጆች አቈጣጠር ከባልደረባው ጋራ ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ ዛፍ የቈሰለ አካሉን በዙሪያው እንደ አጥር ከልሎ ይዘጋዋል እንጂ እንደ ሰው ሥጋ አያድነውም። ጣት የሚያህል ቍስል ፈጥኖ ይከደናል፤ ጭን የሚያህለው ግን ሳይከደን መበስበስ ይጀምራል። ቀለም ወይም ጭቃ መቀባትም አይረዳውም።

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ባሕር ዛፍ ተቈርጦ ከጉቶው ሲያቈጠቍጥ ስላየን፥ ዛፍ ሁሉ ቢቈረጥ የሚችል ይመስለናል። ጽድ ግን ከጉቶው አያቈጠቍጥም። ቁመቱን ለማሳጠር ብለው ራሱን የሚቈርጡት ዛፍም በብዛት የሚያወጣቸው አዳዲስ ቅርንጫፎች አያያዛቸው ደካማ ነው። ጽድ በጠባዩ አንድ ጫፍ ስላለው ብዙ መግረዝ አይሻም፤ ጃካራንዳና ወንዛ ግን ባላ ማውጣት ይወዳሉና በየዓመቱ ሊጐበኙ ይገባል።

ለሥራው ደረቅ ቀን ይመረጥ፤ መሣሪያውም ገጀራ ሳይሆን የተሳለ የአትክልት መቀስና መጋዝ ይሁን። መሰላል የሚያሻውን ትልቅ ዛፍ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

በወደቀው ጃካራንዳ ፈንታ ሌላ ተክለናል። በ2016 ዓመተ ምሕረት እርሱም ሁለት ጫፍ ባወጣ ጊዜ፥ ልጃችን ራሷ መቀሱን ይዛ አንዱን አነሣችው። የቈረጠችው ከትንሽ ጣቷ አይወፍርም ነበር፤ ጠባሳውም ዛሬ ተከድኖ አይታይም። ክቡራን አንባቢዎቻችንም ወደ ግቢያችሁ ወጥታችሁ የልጅ ዛፎቻችሁን ጫፍ ቍጠሩ፤ ሁለት ሆኖ ብታገኙት በእንጭጩ ቅጩት።